ዳር አገር፣ የመሃል ጉዳይ

ግንቦት 26 ቀን 2005 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሙሐመድ ሙርሲ የግብፅን ፖለቲከኞች ለምክር ጠርተው በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበዋቸው ነበር። ያሰባሰባቸው ነገር ከካይሮ እጅግ ርቆ የተፈጸመ ነው። ስድስት ቀን አስቀድሞ፣ ግንቦት 20፣ ኢትዮጵያ አባይን ጉባ ላይ ከመውረጃው አውጥታ በጎን በቆፈረችለት ቦይ አሳልፋዋለች። ሰዎቹ ተራ በተራ ተናገሩ። የሰለፊዎቹ የኑር ፓርቲ መሪ ዩኒስ መኽዩን የኢትዮጵያን አማፅያን እንርዳ፣ ካልሆነም የስለላ ድርጅታችን ግድቡን ያፍርሰው አሉ። በ1997 ዓ.ም. ማብቂያ በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሙባረክን ተፎካክረው ሁለተኛ የወጡት አይመን ኑር ደግሞ ግብፅ ለአየር ጥቃት አውሮፕላን ልትገዛ ነው የሚል ወሬ ቢነዛ ይበቃል ባይ ነበሩ።

ከተናጋሪዎቹ ብዙዎቹ ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። ስብሰባው በቀጥታ በቴሌቪዥን እየተላለፈ ነው።

የፕሬዚዳንቱ አማካሪ ፓኪናም አል ሻርቃዊ ሳላሳውቃችሁ ቀረሁ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። አዲስ አበባ ግን ይቅርታውን አልጠበቀችም። በአሥረኛው ቀን፣ ሰኔ 6፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለሦስት ዓመት አቆይቶት የነበረውን የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት አጸደቀ። ስምምነቱ የቆየውም በምርጫ ምክንያት ነበር። በ2003 ዓ.ም. ሙባረክ ከወረዱ በኋላ አዲስ አበባ የመጣው የግብፅ የሕዝብ ልዑክ፣ ሕዝብ የመረጠው መንግሥት እስኪቆም ታገሡን ብሎ ጠይቆ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም እሺ ብለውት ነበር። የተመረጠው መንግሥት መጣ፤ የመጀመሪያ ምክሩም ይህ ሆነ።

የአንድ ፖለቲከኛ የውጭ ጉዳይና የአገር ደህንነት አቋም ሲፈለግ ማኒፌስቶው ይገለበጣል፣ የምርጫ ክርክሩ ይሰማል። በኢትዮጵያ ግን ከማኒፌስቶ የሚሻል ማስረጃ ጉባ ነው። ከምኒልክ ወዲህ አዲስ አበባን የያዘ ሁሉ ለውጭው ዓለም ያሰበውን እዚያ ቆላ ላይ አሳርፎታል። የቆላውን ሰው ጠይቆ ያሳረፈ ግን እምብዛም አይገኝም።

ጉባ በመተከል ዞን ከሱዳን ጋር የምትዋሰን ወረዳ ናት፤ ከተማዋ ማንኩሽ ትባላለች። ሙቀቱ የበረታ፣ ቀርከሃ የሚበቅልበት፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበት አገር ነው። በለስ ከጣና ማዶ ተነሥቶ የሚወርደው ወደዚሁ ነው፤ ከአባይም ይገናኛል። ከወንዙ በስተደቡብ የአሶሳ ወገን ነው፤ በስተሰሜን ጉባ። ነዋሪው በአብዛኛው ጉሙዝ ነው፤ በርታውም፣ አገውም፣ አማራውም አለበት። አረብኛ የገበያ ቋንቋ ሆኖ ኖሯል። ከአዲስ አበባ ሲታይ የአገር ጫፍ ነው፤ ከሱዳኗ ሮዜሬስ በኩል ሲታይ ግን ወደ ደጋው መግቢያ በር።

በሩን መጀመሪያ በጦር ያንኳኳችው ግብፅ ናት። ያኔ የፈለገችው ግን ውሃ አልነበረም። የግብፁ ገዥ የሙሐመድ አሊ ጦር በ1813 ዓ.ም. የፉንጆችን መናገሻ ሴናርን ያዘ። ወራት ሳይቆይ ልጁ ኢስማኢል ወደ ፋዙግሊ ወጣ። የሚያስወጣው የቤኒሻንጉል ወርቅና ለጦሩ ወታደር የሚሆን ባሪያ ነበር። ወርቁ እንደታሰበው አልተገኘም። ባሪያው ግን ተገኘ። የጉሙዝና የበርታ ቀዬዎች ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ያልተላቀቁት መከራ በዚህ ተባባሰ። ዛሬ ካይሮ ስለ ጉባ ስትናገር ታሪኩን የምትጀምረው ከውሃው ነው። የጉባ ሰው ቢጠየቅ ከየት እንደሚጀምር መገመት አይከብድም።

ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ የግዛታቸውን ወሰን እስከ ካርቱም አድርሰው ነበር። ጊዜው አውሮፓውያን አፍሪካን የሚቃረጡበት ነው፤ ባለቤት ነኝ ያላለ ያጣል። ከአድዋ በኋላ ቃሉን በሰው መሙላት አስፈለገ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ ቤላ ሻንጉል (ቤኒሻንጉል) ዘመቱ። የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን፣ የቤላ ሻንጉሉ አብዱረህማንና የኮሞሻው ቶር አል ጉሪ ተራ በተራ ገቡ። ኾጀሌ አዲስ አበባ ታስረው ከርመው በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ገዥ ሆኑ። በጉባ ደግሞ የፉንጅ ዘር እንዳላቸው የሚናገሩት የሐምዳን አቡ ሾክ ቤት ነበር፤ «መክ» በሚለው የፉንጆች ማዕረግ ይጠሩ ነበር።

እነዚህ ሰዎች የዘመኑ የድንበር ፖሊሲ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የድንበር ጠባቂ ጦር የለም፣ ጉምሩክ የለም፣ መንገድ የለም። ወርቅና ባሪያ የሚገብር፣ ከማዶው የእንግሊዝ ሹም ጋርም አረብኛ የሚነጋገር አንድ ሼህ አለ። ለማዕከሉ ርካሽ ነበር። ዋጋውን የሚከፍለው ጉሙዙ ነው፤ ግብሩ የሚሰበሰበው ከእርሱ ልጆች ነበርና።

ርካሹ ነገር ግን ወደ ውጭ ጉዳይ ተመለሰ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነው። የሱዳን እንግሊዞች ከዚያ በኋላ ከድንበሩ የሚሻገረውን ባሪያ እየቆጠሩ ሪፖርት ይጽፉ ጀመር። የሼህ ኾጀሌ ባለቤት ሲት አምና ራሷ በሱዳን ወገን በባሪያ ንግድ ተከሳ ታሰረች። ዳንግላ ላይ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን የአባይን መንገድ ተከትሎ እስከዚህ ቆላ ወርዷል፤ መጽሐፉ በ1936 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ኢትዮጵያ በጣሊያን ተወርራ ነበር። ሙሶሊኒ ለወረራው ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ባርነት ነው። ምክንያቱ የሌባ ምክንያት ነበር። ቢሆንም ዳር አገር ላይ የተተወ በደል ጄኔቭ ድረስ ሄዶ እንደሚከስ አዲስ አበባ ዘግይታ ተማረች።

ከሼሁ ቀጥሎ ወረቀቱ አለ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚወስን ውል ፈረሙ። በዓመቱ ሻለቃ ቻርልስ ጉዊን መሬቱን እየዞረ ምልክት አቆመ፤ ጉባም ቤኒሻንጉልም በኢትዮጵያ ወገን ቀሩ። በውሉ ሦስተኛ አንቀጽ ምኒልክ በጥቁር አባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያቆም ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ቃል ገቡ። የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂዎች አይገጥሙም የሚለው ሙግት ዛሬም አልበረደም። የኢትዮጵያ ወገን ክርክር ግልጽ ነው፦ ወንዙን ጨርሶ ማቆምና ተጠቅሞ መልቀቅ የተለያዩ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ውሉ ከ119 ዓመት በኋላ እንደገና መነሣቱ ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. የሱዳን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መግለጫ አወጣ። ኢትዮጵያ የ1902 እ.ኤ.አ. ውልን የቅኝ ግዛት ውል ነው ብላ ከጣለች ቤኒሻንጉልም በዚያው ውል የተሰጠ ነውና ባለቤትነቷ ይጠየቃል የሚል መንፈስ ነበረው። አንድ ውል ውሃውንም መሬቱንም አንድ ላይ ይዟል ማለት ነው። ምኒልክ ድንበሩን ሲያገኙ የወንዙን ቃል ሰጡ፤ ካርቱም የወንዙ ቃል ሲላላ ድንበሩን አነሣች። በጉባ የደለል አሸዋ ላይ ወርቅ የሚያጥበው ሰው በዚያ ሳምንት በየትኛው አገር ፖለቲካ ውስጥ እንደዋለ ቢያውቅ ኖሮ ይደንቀው ነበር።

ተፈሪ መኮንን፣ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ የአያያዙን ስልት ቀየሩት። እንግሊዝና ጣሊያን በ1918 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋውጠው ለአንዱ የጣናን ግድብ፣ ለሌላው የባቡር መስመር ሲከፋፈሉ፣ ወደ መንግሥታት ማኅበር አቤት ብለው አሳፈሯቸው። ቀጥለው በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ልከው የጣናን ግድብ ጉዳይ ከጄ. ጂ. ኋይት ኩባንያ ጋር አነጋገሩ። ጎረቤት ሲጫን ሩቅ ወዳጅ መፈለግ የንጉሠ ነገሥቱ የዕድሜ ልክ ዘዴ ሆነ። ከስደትም ወደ አገራቸው የተመለሱት በዚሁ በምዕራቡ ቆላ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኡም ኢድላ ላይ ሰንደቅ ሰቅለው፣ በመተከሉ የቤላያ ተራራ አድርገው ወደ ጎጃም ወጡ። የእንግሊዙ መኮንን ኦርድ ዊንጌት አብሯቸው ነበር። በአባይ ማዶ ደግሞ መጋቢት 2 ቀን አሶሳን ከጣሊያን ያስለቀቁት ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ናቸው። የኮንጎ ልጅ አሶሳን ነፃ ማውጣቱ ከአርበኞች ታሪካችን ብዙም የማይነገር ገጽ ነው።

ግብፅና ሱዳን በ1952 ዓ.ም. መግቢያ የናይልን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ለሁለት ተካፈሉት። ለኢትዮጵያ አንዲት ጠብታ አልተጻፈላትም፤ አልተጠየቀችምም። ኃይለ ሥላሴ አስቀድመው፣ በመስከረም 1950 ዓ.ም.፣ የውሃ መብታቸውን ለወደፊት እንደሚጠብቁ በይፋ አሳውቀው ነበር። ያን ቃል በሥራ ያጀበው የአሜሪካው የመሬት ማልሚያ ቢሮ ነው። መሐንዲሶቹ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ አባይን ከላይ እስከ ታች አጠኑት፤ በ1956 ዓ.ም. ጥናቱ በ17 ጥራዝ ተጠረዘ። ከተመረጡት የግድብ ቦታዎች አራቱ ትልልቅ ነበሩ፦ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያ፣ አራተኛውም ለሱዳን የቀረበው። የአራተኛውን ስም እነርሱ ያወጡለት «ድንበር» ብለው ነው፤ 1,400 ሜጋዋት ያመነጫል ተብሎ ተገመተ። ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ዓለም ባንክም ሆነ ሌላ አበዳሪ የታችኞቹ አገሮች ሳይስማሙ ገንዘብ የሚሰጥ አልነበረም።

በደርግ ዘመን ስለ ጉባ ብዙ አይነገርም፤ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብሎ ፓዌ ላይ ከድርቅ የተረፉ ሰዎች ሰፈሩ፣ ጣሊያኖች የጣና በለስን ፕሮጀክት ጀመሩ። የድንበሩ ፖለቲካ ግን ከረረ። አዲስ አበባ የደቡብ ሱዳን አማፅያንን፣ የጆን ጋራንግን ኤስ.ፒ.ኤል.ኤ.፣ ትረዳለች፣ ካርቱም የኤርትራንና የኦሮሞን ታጣቂዎች። ኤስ.ፒ.ኤል.ኤ. ከአሶሳ ማዶ ያለችውን ኩርሙክን በ1980 ዓ.ም. ያዘ፤ በ1982 ዓ.ም. የሕዝባዊ ግንባርና የኦነግ ተዋጊዎች አሶሳን ራሷን ያዙ። የመንግሥት ለውጥ እንኳ ይህን ልማድ አልሻረውም። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሙባረክ ሕይወት ላይ ሙከራ ተደርጎ ጥርጣሬው ካርቱም ላይ ሲያርፍ፣ በ1989 ዓ.ም. ኩርሙክ እንደገና በኤስ.ፒ.ኤል.ኤ. እጅ ገባች፤ አሁንም ከኢትዮጵያ ወገን ድጋፍ ነበረበት።

በኅዳር 1995 ዓ.ም. የወጣው «የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደህንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ» ከዚህ ልማድ ሊወጣ የሞከረ ሰነድ ነው። አስተሳሰቡ የመለስ ነው፤ ዘወትር የሚያነሡት ሐሳብ ታትሞበታል። ዋናው ስጋት ከውጭ አይመጣም፣ ድህነትና የዴሞክራሲ እጦት ናቸው ይላል፤ የውጭ ጠላትም የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ነው። ኢሕአዴግን የማይወዱ ሰዎች እንኳ የሰነዱን አመክንዮ ያከብሩ ነበር። ክፋቱ ራሱ ጸሐፊው መንግሥት የቀዳዳውን አንድ ግማሽ፣ የዴሞክራሲውን፣ ሳይደፍነው መቅረቱ ነው። በ1997ቱ ምርጫ የውጭ ጉዳይ ክርክሩ ትኩስ የነበረው በባድመና በአሰብ ላይ ነበር፤ ምርጫው በደም ተቋጨ።

የ2002ቱ ምርጫ ግንቦት 15 ተካሄደ። ዘጠኝ ቀን አስቀድሞ፣ ግንቦት 6፣ ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ እንቴቤ ላይ የትብብር ማዕቀፉን ፈርመዋል። ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከሁለት ወንበር በቀር ጠቅልለው አሸነፉ። በኅዳር 2003 ዓ.ም. መለስ ለሮይተርስ ሲናገሩ ግብፅ አማፅያንን ትረዳለች ብለው ከሰሱ። ጉባ ላይ ደግሞ ስሙ «ኤክስ» የተባለ ሥራ በምስጢር ይዘጋጅ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መለስ ጉባ ተገኝተው የመሠረት ድንጋዩን አኖሩ። አሜሪካኖቹ ያመለከቱት አካባቢ ነው፤ መጠኑ ግን ብዙ እጥፍ ሆኗል። ብድር ስለማይገኝ ሕዝቡ ያዋጣል አሉ፤ ሊስትሮው፣ አስተማሪው፣ ወታደሩ ቦንድ ገዛ። ሚሊኒየም ተብሎ የተጀመረው ግድብ የኢትዮጵያ ታላቁ ህዳሴ ግድብ ሆነ። ሰኔ 2004 ዓ.ም. ግብፅ ሙርሲን መረጠች፤ መለስ ደግሞ በዚያው ክረምት አረፉ።

ስለ ግድቡ የወጣው የሦስቱ አገሮች የመርሆዎች መግለጫ መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ፣ በግብፁ አልሲሲና በሱዳኑ አልበሽር ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ድርድር ጋዜጣ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዋሽንግተን፣ ኪንሻሳ፣ የጸጥታው ምክር ቤት። ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ዶናልድ ትራምፕ ለምርጫ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀራቸው፣ ሱዳንና እስራኤል ሲታረቁ በስልክ መስመር ላይ ሆነው፣ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች አሉ። ከካይሮው የቴሌቪዥን ስብሰባ የሚለየው ይህኛው ተናጋሪ ካሜራ እንዳለ ማወቁ ብቻ ነው።

የጉባ ሰው በዚያን ወቅት የሚፈራው አውሮፕላን አልነበረም። መተከል ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ግድያ ነበር። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች በሌሊት ተገደሉ። ዞኑ በኮማንድ ፖስት ሥር ወደቀ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ። ባለሥልጣናቱ የውጭ እጅ አለበት አሉ። ሊኖርበት ይችላል፤ ካይሮ ላይ በቴሌቪዥን የታቀደ ነገር ነውና። ሆኖም የመሬት ጥያቄ፣ የሰፈራ ቁርሾ፣ የአስተዳደር በደል፣ ጉሙዙ ደገኛውን «ቀይ» የሚልበትና እርሱ «ጥቁር» ተብሎ የተጠራበት የዘመናት ልዩነት ካልነበረ የውጭው እጅ ምን ይዞ ይጎትት ነበር? የ1995ቱ ሰነድ ስለ ቀዳዳ የጻፈው እዚህ ላይ ሥጋ ለብሶ ታየ። ግድቡ ራሱም የድርሻውን አስቀየመ፦ ውሃው የሚተኛበት የጉሙዝ ቀዬ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሰፈራ ገብቷል። ከወንዙ ዓሣ፣ ከዳሩ ወርቅ፣ ከጫካው ማር ይኖር የነበረ ሰው ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ እንግዳ አስተናገደች። የኬንያው ዊሊያም ሩቶ፣ የሶማሊያው ሐሰን ሼክ፣ የጅቡቲው ጌሌ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር፣ ከካሪቢያን ደግሞ የባርባዶሷ ሚያ ሞትሊ ተገኙ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨውን ግድብ መረቁ፤ ከኋላው የተኛው ውሃ ንጋት ሐይቅ ተባለ። ከግብፅና ከሱዳን መሪ የመጣ አልነበረም። ካይሮ በዚያው ቀን ለጸጥታው ምክር ቤት ደብዳቤ ላከች።

ከዚህ ምረቃ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ የግድቡ ስም ከአፉ ያልወጣ ተወዳዳሪ ማግኘት ያስቸግር ነበር። በድንበሩም፣ በሉዓላዊነቱም፣ በግብፅም ላይ ሁሉም ተናግሯል። በመተከል ግን በጸጥታው ምክንያት በአብዛኛው ድምፅ አልተሰጠም። ሁለተኛው የውሃ ሙሌት ከወር በኋላ ተጠናቀቀ፤ ሦስተኛው በቀጣዩ ክረምት፣ አራተኛው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ። የምርጫ ሳጥኑ መተከል የደረሰው ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።